እንዴት አደሩ የሚለው ስክሪን

የራሴን ድምፅ ስሰማ ቅፍፍ ይለኛል። ለአገር ቤት ሰው የላክሁት ቮይስ ሜሴጅም ይሁን የልጄ ልደት ቪዲዮ፣ ድምፄ ሲወጣ እጄ ቶሎ ብሎ ያጠፋዋል። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ቸርች ውስጥ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነበርኩ፤ ድምፅሽ ያምራል ሲሉኝ ቀና ብዬ ነበር የምሄደው። ይህን ያበላሸብኝ ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ፣ ሂሊያርድ በኩል ባለ አንድ የልብስ መጋዘን መግቢያ ላይ፣ ከሰዓት መቆጣጠሪያው አጠገብ የተሰቀለ ስክሪን ነው።

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ የገባሁት በዲቪ ነው። እንደ ብዙው ሰው ዌርሃውስ ጀመርኩ። ሰዎች ኦንላይን ገዝተው ያልሆናቸውን ልብስ በፖስታ ይመልሳሉ፤ የእኛ ሥራ ካርቶኑን ከፍቶ፣ ልብሱን አገላብጦ አይቶ፣ አጥፎ፣ ስካን አድርጎ ወደ መደርደሪያ መላክ ነበር። እኛ መስመር ላይ አብዛኛው ሐበሻ ነው፤ አንዱ ለአንዱ እየነገረ የተሰባሰበ፣ ከክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ በአንድ መኪና አራት አምስት ሆኖ የሚመጣ። ሁለት ዓመት ካርቶን ከከፈትኩ በኋላ እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ተብሎ ኤች አር፣ የሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ፣ አስገቡኝ። ጠረጴዛ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ሌላ ዓይነት ባጅ ተሰጠኝ። ያን ቀን ምን ያህል እንደተጀነንኩ ሳስታውስ አሁን አፈር ልብላ ያሰኘኛል።

አለቃዬ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ አሜሪካዊት ናት። ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሰው ክፉን ጠልቶ ይገላገላል። ስትስቅ ከልቧ ነው፣ የልጄን ልደት እንኳን አትረሳም። ነገር ግን ሰው የሚታያት ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ጠዋት ቁጭ ትልና ማን ስንት ደቂቃ ሳይሠራ እንደቆመ፣ ማን ሽንት ቤት እንደቆየ፣ የትኛው መስመር ዛሬ ምን እንደተሰማው፣ ሁሉን በቀለም በቀለም ታያለች። ከእሷ ጋር በሠራሁበት ጊዜ ሁሉ ወደ መስመሩ ወርዳ ሰው ስታናግር ያየኋት ሁለቴ ቢሆን ነው፤ አንዱም የእሳት አደጋ ልምምድ የነበረ ቀን ነው።

አንድ ሰኞ አዲስ ሲስተም መጣ። ሠራተኛው ጠዋት ባጁን ሲያስነካ ስክሪኑ እንዴት ነህ ብሎ ይጠይቀዋል፤ ሦስት ፊቶች ይወጣሉ። አረንጓዴው ደህና ነኝ፣ ሕመምም የለብኝም ማለት ነው። ቢጫው ትንሽ ነገር አለ፣ ቀዩ ችግር አለ። አለቃዬ ሠራተኛው ምን እንደሚሰማው በየቀኑ ካወቅን ሳይጎዳ እንደርስለታለን፣ ያልተጎዳ ሠራተኛ ደግሞ ምርታማ ነው ብላ አስረዳችኝ። እኔ ሞኟ አመንኳት። እንዲያውም ከሁለት ዓመት በፊት እኔም መስመር ላይ ሳለሁ እንዲህ ያለ ነገር በነበረ ብዬ ተመኘሁ።

ማንበብ ለማይመቻቸው ሰዎች ጥያቄው በድምፅም ይሁን ተባለና አማርኛው ለእኔ ተሰጠ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ደረቅ ነበር፤ የዛሬውን የሰውነትዎን ሁኔታ ይምረጡ ዓይነት ነገር። የእናቶቻችን እኩያ የሆኑ ሰዎች በጠዋት እንዲህ ተብለው ይጠየቃሉ? ባለጌ የሚያስብል መሰለኝ። እናም አሳመርኩት። ቅዳሜ ከሰዓት ኪችን ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ፍሪጁ እንዳያጓራ ነቅዬ፣ ስልኬ ላይ «እንዴት አደሩ? ደህና ነዎት?» ብዬ ቀዳሁት። እስኪጥመኝ ደጋገምኩት። ልጄ መጥታ በእንግሊዝኛ ከማን ጋር ነው የምታወሪው አለችኝ። ከሥራ ቦታ ሰዎች ጋር ስላት ስልኩን አየችና፣ እዚያ ሰው የለም ብላኝ ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

እስቲ አሁን እንዴት አደሩ የተባለ ሐበሻ ምን ብሎ ይመልሳል? ወገቤን ቆርጦኛል ይላል? ቤቱ ቢቃጠል እንኳን መጀመሪያ እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ቀጥሎ አንቺስ፣ ልጅሽስ፣ እነ እገሌስ ብሎ ይጠይቃል። የሆነበትን ነገር የሚናገረው ሦስተኛው ዙር ላይ ነው፤ እሱንም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለነገሩ ትንሽ አሞኝ ነበር ብሎ። ስክሪኑ ሦስተኛ ዙር የለውም። አንድ ጊዜ ጠይቆ፣ አንድ መልስ ይዞ፣ ወደሚቀጥለው ሰው ነው የሚሄደው። ይህን ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ግን ያኔ ትዝም አላለኝ፤ የድምፄ ማማር ነበር የታየኝ።

የመጀመሪያው ቀን ስክሪኑ አጠገብ ቆሜ ለሁሉም አሳየሁ። አንድ ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለግድግዳው ጎንበስ ሲሉ በሳቅ ፈረስን። ከእሳቸው ቀጥሎ እትዬ መጡ። እትዬ የምላቸው ስልሳ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሴትዮ ናቸው፤ እኔ ስቀጠር መስመሩን ያስለመዱኝ፣ ሸሚዝ እንዴት ቶሎ እንደሚታጠፍ እጄን ይዘው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ባላቸው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ የሳቸውን መድኃኒት የሚሸፍነው የእትዬ የሥራ ኢንሹራንስ ነው። ስለዚህ በበረዶም በጉንፋንም ከሥራ ቀርተው አያውቁም። ያን ቀን ድምፄን ከስክሪኑ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እሷ እኮ ናት ብለው ከኋላቸው ላለው ሰው ነገሩ፤ ከዚያ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ ብለው ጮክ ብለው ለግድግዳው መለሱና አረንጓዴውን ነኩ። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው ግን አልቀለዱም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በየቀኑ እንዲሁ ሲያደርጉ አይቻለሁ።

ወር ሳይሞላ የእኛ መስመር ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሆነ። ሌላው መስመር ቢጫም ቀይም ጣል ጣል ያለበት ነው፤ የእኛ ግን ድፍን አረንጓዴ። አለቃዬ ሚቲንግ ላይ አስነስታኝ ሕንፃው ውስጥ ካሉት ሁሉ ደስተኛው ቡድን የእኔ ማኅበረሰብ መሆኑን ተናገረች። አጨበጨቡልኝ። ኬክ መጣ፤ ላዩ ላይ በአረንጓዴ ክሬም የሚስቅ ፊት የተሠራበት። እኔም በላሁ። ቆይ፣ ይሄንንም ልናገር፤ ሁለተኛ ቁራጭ ወስጃለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ሲስተሙ ሐሳብ አቀረበ። እንዲህ ነው የሚሉት፣ ሲስተሙ ሐሳብ አቀረበ፤ የሰው እጅ ያልነካው እንዲመስል። ይህ ቡድን ጫና አይታይበትም፣ ያልተጠቀምንበት አቅም አለው ይላል። ስለዚህ ሬቱ ተጨመረ፤ በሰዓት መከፈት ያለበት ካርቶን በዛ ማለት ነው። ወርዳ ንገሪያቸው ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ። ነገርኳቸው። ጋሼ አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ቀስ እያልን እንለምደዋለን አሉ፤ ሌላው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ድምፄ እንዴት አደሩ አለ፤ እነሱም እግዚአብሔር ይመስገን ብለው አረንጓዴ እየነኩ ገቡ። ይኸው ደህና ናቸው ተብሎ ሬቱ እንደገና ተጨመረ።

ያኔ እንኳን ነቅቻለሁ። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ፣ ስሚኝ፣ ሐበሻ እንዴት ነህ ሲባል ሲያመውም ደህና ነኝ ነው የሚለው ብዬ ጀመርኩ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንዴት ደስ የሚል ባህል ነው አለችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። ቀጥዬ ልናገር ስል ስልኳ ጠራ። በምልክት በኋላ እናወራለን አለችኝ። አላወራንም፤ እኔም ተመልሼ አልገባሁም። ለምን አልገባሁም? ያ የሚሽከረከር ወንበር ተመችቶኝ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እትዬን ወገባቸውን ማመም የጀመራቸው መቼ እንደሆነ አላውቅም። ከዝቅተኛው ቅርጫት ልብስ ለማውጣት መጎንበስ አለባቸው፤ በአዲሱ ሬት ደግሞ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና፣ ፋታ የለውም። በምሳ ሰዓት ቆመው ሲበሉ አየሁና ለምን አይቀመጡም ስላቸው፣ መቆም ለምጄ ነው አሉኝ። ከተቀመጡ መነሳት እንደማይችሉ ኋላ ነው የገባኝ። አንድ ሐሙስ ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ቀና ማለት አቃታቸው። ሁለት ሰው በብብታቸው ገብቶ አወጣቸው፤ እትዬ ግን ሥራችሁን አስፈታኋችሁ እያሉ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ሲስተሙ ስልካቸው ላይ ሜሴጅ ላከ፤ ዛሬ ናፍቀንዎታል ይላል፣ ከሥሩ እጁን የሚያወዛውዝ የካርቱን ድብ አለ። ልጠይቃቸው ስሄድ ይሄ ምንድን ነው ልጄ ብለው አሳዩኝ።

ሐኪሙ ዲስካቸው ተንሸራቷል፣ ከመጎንበሱ ነው፣ ተቀምጠው የሚሠሩት ነገር ይሰጣቸው ብሎ ወረቀት ጻፈ። የኩባንያው ደንብ ግልጽ ነው፤ ጉዳቱ ከሥራ የመጣ ከሆነ ላይት ዱቲ፣ ቀለል ያለ ሥራ፣ ይሰጣል። ሌብል የሚለጠፍበት ጠረጴዛ አለ፣ ወንበር ያለው፣ መጎንበስ የማይጠይቅ፤ ያን ጊዜ ቦታውም ክፍት ነበር። ከሥራ ካልሆነ ግን ቦታ የለንም ነው። ከሥራ ነው ከተባለ እትዬ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ የባላቸው መድኃኒትም ይቀጥላል። አይደለም ከተባለ ሥራውም ኢንሹራንሱም ይቀራል። ሰው ሁሉ እያየ መስመር ላይ የተያዘ ወገብ ምን ያከራክራል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። ጉዳይዎ በሚታይበት ሚቲንግ ላይ የማስተረጉመው እኔ ነኝ፣ ጣጣ የለውም፣ አይዞዎት አልኳቸው።

ሚቲንጉ መስኮት በሌለው ትንሽ ክፍል ነበር። እትዬ ቸርች የሚለብሱትን ሰማያዊ ጃኬት ለብሰው፣ የሐኪሙን ወረቀት በፕላስቲክ አድርገው ይዘው መጡ። አለቃዬ ውኃ አቀረበችላቸው፤ ከጀርባቸው ትራስ አደረገችላቸው፤ በጣም ማዘኗን ነገረቻቸው። ከዚያ ላፕቶፑን ወደ እኛ አዞረችው። ካሌንደር ነው። ስሙ ከላይ የእትዬ፣ ከሥሩ እያንዳንዱ የሥራ ቀን አረንጓዴ። ቆመው ምሳ የበሉባቸው ቀናት አረንጓዴ። ጎንበስ እንዳሉ የቀሩበት ሐሙስ ራሱ አረንጓዴ።

አለቃዬ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረች፤ እኔ ተረጎምኩ። በየጠዋቱ ሕመም እንደሌለብዎት ራስዎ ነግረውናል፣ እኛ ሠራተኞቻችንን እናምናለን፣ ስለዚህ ይህ ሕመም ከሥራ ውጭ የመጣ መሆን አለበት አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ካመማቸው ለምን ደህና ነኝ እንዳሉ ጠይቂልኝ አለችኝ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጠየቅ አልፈለግሁም። ግን ጠየቅኋቸው። እትዬ መጀመሪያ ጥያቄው አልገባቸውም። ካሌንደሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ተመልሰው ካሌንደሩን አዩ።

«ድምፁ ያንቺ ነው እኮ ልጄ» አሉኝ። «አንቺ በጠዋት ተነስተሽ እንዴት አደሩ ስትዪኝ አሞኛል ብዬ ልቀበልሽ? ደህና ነኝ ያልኩት ላንቺ ነው።»

አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ከዚያ ማስተርጎሙን ትቼ በራሴ አፍ ተናገርኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጥያቄውን ሰላምታ ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ እኛ ዘንድ ለሰላምታ ሕመም አይመለስም፤ ይህ ካሌንደር የሳቸውን ጨዋነት እንጂ የወገባቸውን ነገር አያውቅም አልኩ። እንባዬ እየመጣ ነበር። አለቃዬ እጄን ያዘችኝ። ራስሽን አትውቀሺ፣ የአማርኛው ድምፅ በሲስተሙ ባለቤቶች ታይቶ የጸደቀ ነው፣ አንቺ በጣም ጥሩ ሥራ ነው የሠራሽው አለችኝ። እንዲህ እያለች በሌላው እጇ ትጽፍ ነበር። አጠገቧ ስለነበርኩ አነበብኩት፤ ሠራተኛዋ ደህና ነኝ ብለው መመለሳቸውን አረጋግጠዋል ይላል። በቃ። የቀረውን የት እንደጣለችው እንጃ። ያን አጥፊው፣ ትክክል አይደለም አልኳት። አልተቆጣችም። ስሜትሽ ይገባኛል፣ ወጣ ብለሽ አየር ውሰጂ አለችኝ።

አየር አልወሰድኩም። ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጬ ለሲስተሙ ሰዎች ድምፄን ከስክሪኑ አንሱልኝ ብዬ ጻፍኩ። በሥራ ሰዓት የተቀዳ ድምፅ የኩባንያው ንብረት ነው፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን አሉኝ። የቀዳሁት ቅዳሜ፣ ቤቴ፣ ፍሪጄን ነቅዬ ነው ብዬ ደግሜ ጻፍኩ፤ ለዚያኛው መልስ አልሰጡኝም። ሥራ የምለቅበትን ደብዳቤ ያን ዕለት አስገባሁ። እኔ ወጣሁ፣ ድምፄ ቀረ። መስመሩ ላይ ያሉት እስከ ዛሬ፣ ጠዋት ጠዋት ስንገባ እንሰማሻለን እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ፣ ምን ላድርግ።

የእትዬ ውሳኔ የመጣው የእኔ የመጨረሻ ቀን ላይ ነው። ፊርማ የሌለው፣ በሲስተሙ የተላከ ደብዳቤ ነበር። ጉዳቱ ከሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑ ስላልተረጋገጠ ተስማሚ ቦታ የለንም ይላል። ሌብል ጠረጴዛው ጋ ያ ወንበር ባዶውን ቆሞ ነበር፤ ስገባም ስወጣም አይቼዋለሁ። እትዬ ሎከራቸውን ባዶ ለማድረግ መጥተው ስለነበር ፓርኪንግ ላይ መኪናዬ ውስጥ አስገብቼ አነበብኩላቸው። አፒል እናደርጋለን፣ ጠበቃ አውቃለሁ፣ የምስክርነት ቃሌን ጽፌ ሳይን አደርጋለሁ አልኳቸው። እሺ አሉ። ኢንሹራንሱ እስከ መቼ እንደሚሠራ ብቻ ጠየቁኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ነው አልኳቸው። ከዚያ ወደ ቤታቸው ይዣቸው ሄድኩ።

ቤታቸው ከክሊቭላንድ አቬኑ ገባ ብሎ ነው፣ አምስት ደረጃ ያለው። መኪናውን አቆምኩና ጠበቅሁ፤ አልወረዱም። በሩን ከፍተው እግራቸውን አወጡ፣ ጣራውን ይዘው ሊነሱ ሞከሩ፣ ተመልሰው ቁጭ አሉ። እንደገና ሞከሩ። ወርጄ በዚያ በኩል ዞርኩና ፊት ለፊታቸው ቆምኩ። ምንም አልጠየቅኋቸውም፤ ምን ብዬ? ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። ቀና ብለው አዩኝ።

«አሞኛል» አሉኝ። «በጣም ነው የሚያመኝ። አንሺኝ።»

በብብታቸው ሥር እጄን አስገብቼ አነሳኋቸው። እስከ ደረጃው ሦስት ጊዜ ቆምን፤ በቆምን ቁጥር እያቃሰቱ የት የት እንደሚያማቸው ነገሩኝ።